ከነገሌ እስከ ሞያሌ፦ የእጅ ሙያን በስልክ አስተምሮ ማትረፍ ይቻላል?

ነገሌ ቦረና ሲባል የፖለቲካ ታሪክ የሚከታተል ሰው የጥር 1966ቱን የወታደሮች አመፅ ያስታውሳል። ነጋዴ የሚያስታውሰው ግን ሌላ ነው፤ የቁም ከብት፣ ግመል፣ ዕጣንና ሙጫ። ከነገሌ አልፎ በያቤሎ፣ በዱብሉቅና በሜጋ አድርጎ እስከ ሞያሌ ያለው ቆላም ኑሮው ከዚሁ ነው። ከብት ሲሸጥ ጥሬ ገንዘብ ወደ ከተማ ይገባል፤ ባለሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ ፎቶ ቤቱና ልብስ ሰፊው ሁሉ የገበያውን ቀን ጠብቀው ያድራሉ።

ይህ አሠራር ምን ያህል በአንድ ክር ላይ እንደተንጠለጠለ የታየው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ነው። አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። የቦረና ዞን ባለሥልጣናት በወቅቱ በሰጡት መግለጫ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ማለቃቸውን ተናግረዋል። ያለቀው የአርብቶ አደሩ ሀብት ብቻ አይደለም፤ የከተማው ነጋዴ በዱቤ የበተነው ዕቃም አብሮ ቀርቷል። እንግዲህ ከዝናብ ጋር የማይደርቅ ሥራ የሚፈልግ ባለገንዘብ በቆላ ከተሞች ውስጥ ቢበዛ አያስገርምም። ከሚነሱት ሐሳቦች አንዱ የእጅና የጥበብ ሙያን፣ ማለትም ልብስ ቅድና ስፌትን፣ ግራፊክስን፣ የሠርግ ቪዲዮ ቅንብርን፣ ፎቶግራፍን፣ የሂናና የጨሌ ጌጥ ሥራን በኢንተርኔት ማስተማር ነው። ሥራው ያዋጣል ወይ? በዚህ ገጽ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

መሠረቱ ተጥሏል ለማለት ይቻላል። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ሲገባ የአዲስ አበባ ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ ሆኗል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. የቴሌኮም አገልግሎቱን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም-ፔሳን ጀመረ። የነገሌ ተማሪ ሐዋሳ ላለ አስተማሪ ለመክፈል አውቶቡስ ሹፌር እጅ ገንዘብ መላክ አያስፈልገውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በሩቅ ከተማ የሚሠራ ንግድ ሁሉ ድሮ የሚሰናከለው ገንዘብ አሰባሰብ ላይ ነበር።

ነፃ የሆነውን ማን ይገዛል?

ሆኖም ብዙው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካሜራ ይገዛል፣ ክፍል ይከራያል፣ አርባና ሃምሳ ቪዲዮ ይቀርፃል፣ ከዚያ «ኮርስ ይሸጣል» ብሎ ያስነግራል። የሚሸጠው ነገር ግን በነፃ የሚገኝ ነው። በዩቲዩብ የሸሚዝ ኮሌታ አቆራረጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ተቆጥሮ አያልቅም። መንግሥትም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተባለውን መርሐ ግብር ጀምሮ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ትምህርትን ያለ ክፍያ አቅርቧል። መንግሥት በነፃ ከሚሰጠው ዕቃ ጋር በዋጋ መፎካከር ስንዴ ዕርዳታ በሚታደልበት ቀን ስንዴ ይዞ ገበያ እንደመውጣት ነው።

ሁለተኛው ችግር ግልባጭ ነው። በካሴት ዘመን ሙዚቀኛውን ያከሰረው ቅጂ ዛሬ በቴሌግራም በኩል ቪዲዮ አስተማሪውን ያከስራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እርግጥ አለ። ነገር ግን የ200 ብር ኮርስ ለዘመዱ ያስተላለፈን ልጅ ያቤሎ ድረስ ሄዶ የሚከስ ነጋዴ የለም፤ ጠበቃው ከኮርሱ ይበልጣልና።

ታዲያ የሚሸጠው ምንድን ነው? መልሱ አንድ ነው፤ እርማት። አንዲት የነገሌ ልጅ ቪዲዮ አይታ ቀሚስ ሰፋች እንበል። አንገቱ ተጨማደደ። ለምን ተጨማደደ? ጨርቁን በአግድም ስለቆረጠችው ነው? ክሩን ስላጠበቀችው ነው? ወይስ ልኩን ስትወስድ ተሳስታለች? ቪዲዮው ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ይህን አይመልስም። የሰፋችውን ፎቶ አንስታ ስትልክ፣ አስተማሪዋ ስህተቱ ላይ ክብ አድርጋ «እዚህ ጋ ግማሽ ሳንቲም ወደ ውስጥ ግቢ፣ አንገቱን ፈትተሽ ድገሚው» ብላ በድምፅ ስትመልስላት ግን ልጅቱ ገንዘቧ የት እንደገባ ታያለች። ይህን ደግሞ ማንም መገልበጥ አይችልም። ለጎረቤቷ ብታስተላልፈው ስለ ጎረቤቷ ቀሚስ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

ይህ አነጋገር ብቻ አይደለም። የሃርቫርድና የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲዎች የጀመሩትን የኢንተርኔት ትምህርት መዝገብ ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በ2017/18 የትምህርት ዘመን ከተመዘገቡት ሁሉ የጨረሱት 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ከከፈሉት ውስጥ ግን የጨረሱት 46 በመቶ ናቸው። የከፈለ ሰው ይበልጥ ይጨርሳል። ከከፈሉትም ግን ከግማሽ በላዩ መንገድ ላይ ይቀራል። ነጋዴው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር በደንብ ሊይዘው ይገባል፤ ያቋረጠ ተማሪ ሌላ ተማሪ አያመጣምና።

የርቀት ትምህርት ያሳየው መንገድ

ለዚህ ሥራ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ለማግኘት አሜሪካ መሄድ አያሻም። የግል ኮሌጆቻችን የርቀት ትምህርት አለ። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የዛሬው ቅድስተ ማርያም ዩኒቨርሲቲም ሆነ አልፋ በክፍለ ሀገር ከተሞች ያሉ ሠራተኞችን ያስተማሩት ኢንተርኔት ሳይኖር ነው። ሞጁል ታትሞ ይላካል፣ ተማሪው በየቤቱ ያነባል፣ የቤት ሥራ ይልካል፣ ቱተር ያርማል፣ በቅዳሜና እሁድ በኪራይ ክፍል ማጠናከሪያ ይሰጣል፣ ፈተናው በየማስተባበሪያ ማዕከሉ ይሆናል። ሞጁሉን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማዳረስ ቀላል ነበር፤ ተማሪው ግን ይከፍል የነበረው ለሞጁሉ አልነበረም። ለሚታረመው ሥራ፣ ለፈተናውና በከተማው ሄዶ ለሚጠይቀው ሰው ነበር።

በቆላ ከተሞች የኢንተርኔት ኮርስ የሚፈልግም ከዚህ ሊኮርጅ ይችላል፤ ይኸውም በየከተማው አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ሞያሌ ላይ ፎቶ ቤት ያለው ነጋዴ፣ ነገሌ ላይ የልብስ ስፌት መኪና የደረደረች ሴት፣ ያቤሎ ላይ ማስታወቂያና ባነር የሚያትም ወጣት የማስተባበሪያው ማዕከል መሆን ይችላሉ። ኔትወርክ ሲደክም ትምህርቱን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ የሚያድሉት እነሱ ናቸው። መኪና ለሌላት ተማሪ በሰዓት የሚያከራዩት እነሱ ናቸው። ዋናው ግን ሰው ማንን አምኖ እንደሚከፍል ማወቁ ነው። ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ያን ያህል ርቆ ላለ ሰው ፊቱን ሳያይ የሚከፍል ጥቂት ነው።

ከዚሁ ታሪክ የምንማረው ሌላም አለ። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን በድንገት አገደ። ከጥቂት ወራት በኋላ እገዳው በቅድመ ሁኔታ ተነሣ፤ ሕግና መምህርነት ግን ለግል ተቋማት ተዘጉ። በአንድ ደብዳቤ የተማሪ ምዝገባ የቆመበት ንግድ ነው። የእጅ ሙያ አሠልጣኝ እንግዲህ ፈቃድ ሳይኖረው በወርቃማ ቀለም «ዲፕሎማ» ማተም የለበትም። ይልቅ ተማሪውን ለብቃት ምዘና አዘጋጅቶ፣ ሰዎች በተለምዶ ሲኦሲ የሚሉትን ፈተና በክልሉ የምዘና ማዕከል እንዲወስድ ቢያደርገው ወረቀቱ ክብደት ይኖረዋል፣ አሠልጣኙም ከጣጣ ይድናል።

ሂሳቡ

ለነጋዴ ያለ ቁጥር ወሬ ነውና ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ በየከተማው ዋጋ ይተካቸው። የስድስት ሳምንት የስፌት ኮርስ 20 ተማሪ፣ በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር ቢያስገባ ገቢው 30,000 ብር ነው። እያንዳንዱ ተማሪ 12 ሥራ ይልካል። አንዱን ለማረም 10 ደቂቃ ቢወስድ በጠቅላላው 40 ሰዓት ይሆናል፤ በሰዓት 150 ብር ሲታሰብ 6,000 ብር። ለማዕከሉ ባለቤት በተማሪ 200 ብር ሂሳብ 4,000። ተማሪ ላመጣ ሰው 10 በመቶ፣ 3,000። ለዳታ፣ ለኤሌክትሪክና ለስልክ 3,000። ለታተመ ቅድና ለመለማመጃ 2,000። ድምሩ 18,000 ነው። 12,000 ብር ይተርፋል፤ ይህም ከግብር በፊት ነው። ለማይክሮፎን፣ ለመብራት፣ ለስልክ ማቆሚያና ለቀረፃ ጉልበት መጀመሪያ 36,000 ብር ወጥቶ ከሆነ በሦስተኛው ዙር መጨረሻ ይመለሳል።

አሁን ያንኑ ቪዲዮ ያለ እርማት በ200 ብር እንሽጠው። በቴሌግራም ከመዛመቱ በፊት 20 ሰው ቢገዛ 4,000 ብር ነው። የቀረፃውን ወጪ ለመመለስ 180 ገዢ ያስፈልጋል፤ ያውም ማስታወቂያ ሳይታሰብ።

እርማትን መሸጥ ግን ጣሪያ አለው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። 40 ተማሪ ሲሆን 80 ሰዓት ይታረማል። አንድ አስተማሪ ብቻውን ሺህ ሰው አያስተናግድም። መፍትሔው ከመጀመሪያው ዙር የተሻሉትን ሁለትና ሦስት ልጆች አራሚ አድርጎ በክፍያ ማሠራት ነው፤ ጥሩ አራሚ መሆናቸው ግን በሥራቸው ጥራት ብቻ አይታወቅም። ስህተትን አይቶ በትዕግሥት መናገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ክፍያውን በሁለት መክፈል ይመከራል፤ ግማሹ ሲመዘገቡ፣ ግማሹ በሦስተኛው ሳምንት። አምስቱ ሁለተኛውን ሳይከፍሉ ቢቀሩ ከትርፉ 3,750 ብር ይቀነሳል፤ ያስከፋል እንጂ አያከስርም። በሌላ በኩል ሙሉውን ቀድሞ መጠየቅ ብዙ ደንበኛ በር ላይ ይመልሳል። ቀረፃውም ቢሆን ምዝገባን መከተል አለበት። አሥር ሰው ቀብድ ሳያስይዝ ካሜራ መግዛት የማን ችግር እንደሚፈታ ያልታወቀ ወጪ ነው።

ዋጋ ሲተመን ተፎካካሪው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ለነገሌዋ ልጅ አማራጩ ሌላ የኢንተርኔት ኮርስ አይደለም፤ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ሦስት ወር መማር ነው። የመንገድ፣ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪው ተደምሮ የሚመጣው ቁጥር ነው የዋጋችሁ ጣሪያ። በተለይ ወላጅ ብቻዋን ለመላክ የማይፈቅድላት ልጅ ያለችበት ቤት ይህን ሂሳብ ካስተማሪው ቀድሞ ሠርቶታል።

ቋንቋ፣ ወቅትና መስመር

የትምህርቱ ቋንቋ የገበያውን ስፋት ይወስናል። በአማርኛ የተቀረፀ ኮርስ ነጋዴውንና የመንግሥት ሠራተኛውን ይደርሳል። በቦረና ኦሮምኛ የተቀረፀው ግን ከነገሌና ከያቤሎ አልፎ ድንበር ይሻገራል፤ በኬንያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ቋንቋው ይነገራልና። ለዚያ ገበያ ከጽሑፍ ይልቅ ድምፅ ይሻላል። ሞያሌና ወደ ዶሎ መስመር ሲኬድ ሶማልኛም ያስፈልጋል። ክፍያ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራው ኤም-ፔሳና የእኛው ኤም-ፔሳ ስም ይጋሩ እንጂ በሁለት ፈቃድና በሁለት ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው። ከድንበር ማዶ የሚመጣ ክፍያ በባንክ መስመር ካልገባ ኮርሱ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚጠየቀው።

የጊዜ ሰሌዳን ከአዲስ አበባ መቅዳትም አያዋጣም። በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ገና ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጭሩ ሀገያ ይከተላል። የደጋው ክረምት እዚያ ደረቅ ወቅት ነው። የትምህርት ቤት ልጆች በሐምሌና በነሐሴ ነፃ ናቸው፣ የወላጅ እጅ ግን ገንዘብ የሚኖረው ከብት ሲወፍርና ገበያው ሲደራ ነው። ከዓረፋ በፊት የሚደራው የበግና የፍየል ንግድም አለ። ምዝገባን ከተማሪው ዕረፍት ጋር ሳይሆን ከከፋዩ ኪስ ጋር ማገናኘት ነው ብልሃቱ።

መስመሩ ይቋረጣል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። በዚያ ሁኔታ ትምህርቱ በቀጥታ ስርጭት ብቻ የሚሰጥ ድርጅት በሩን ይዘጋል። ስለሆነም እያንዳንዱ ትምህርት ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ፣ በዝቅተኛ ጥራት ተጨምቆ በሚሞሪ ካርድ የሚዞር ቢሆን ይመረጣል። ውበቱ ይቀንሳል፤ የሚታየው መርፌና ጨርቅ እስከሆነ ድረስ ግን የሲኒማ ጥራት ማንም አልጠየቀም።

«ለምን በውጭ ድርጅት በኩል አንሸጥም?» የሚሉ አሉ። ከታወቁት አንዱ ዩዴሚ ነው። ድርጅቱ ራሱ ባመጣው ገዢ ላይ አስተማሪው የሚያገኘው 37 በመቶ ነው፤ አስተማሪው ራሱ በላከው ገዢ ላይ 97 በመቶ። በወርሃዊ ደንበኝነት ከሚገኘው ገቢ ለአስተማሪዎች የሚከፈለው ድርሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 25 በመቶ ነበር፤ በ2024 ወደ 20፣ በ2025 ወደ 17.5፣ በ2026 ወደ 15 በመቶ ዝቅ እንዲል ተወስኗል። ገበያው የሌላ ሰው ሲሆን ቀረጡን የሚወስነውም ሌላ ሰው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት የቅንብር ሶፍትዌር ላይ ኮርስ መመሥረት ተማሪውን ከምርቃቱ ማግስት ሥራ ፈት ማድረግ ነው። በስልክ በነፃ የሚሠራውን ማስተማር ይበጃል።

ለደላላው ድርሻ

በከብት ገበያ ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ሻጭና ገዢ ሲጨባበጡ ነው። እዚህ ግን ምዝገባ ርክክብ አይደለም። ሙሉ ኮሚሽን በምዝገባ ቀን ከተከፈለ ደላላው ያገኘውን ሁሉ ያስመዘግባል፤ ልቡ የሌለውንም፣ መርፌ የማይወደውንም። ግማሹን ሲመዘገብ፣ ቀሪውን ተማሪው ሁለተኛውን ክፍያ ሲከፍል ማድረግ የደላላውን ዐይን ያርመዋል። ባለቤቶቹን በስም የሚያውቅ፣ የየትኛው ቤት ልጅ እጀ ወርቅ እንደሆነች የሚያውቅ ደላላ ከማንኛውም የፌስቡክ ማስታወቂያ ይበልጣል።

የሙያው ምርጫ መመራት ያለበት «ከተማው ውስጥ ማን ይከፍልበታል?» በሚለው ነው። የሠርግ ቪዲዮና ፎቶ ከፋይ አለው። ስፌት ከፋይ አለው። የሱቅ ማስታወቂያ፣ ባነርና የምግብ ዝርዝር አሠራርም እንዲሁ። ለሥዕልና ለሙዚቃ መሣሪያ በቆላ ከተሞች ያለው ገበያ ጠባብ ነው፤ ፍላጎት የለም ማለት ሳይሆን የሚከፍለው ሰው የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው።

ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ የማይነሳው የተገላቢጦሽ ንግድ የሚያጓጓው። የቦረና ሴቶች ከተክል ሥር ጭረት አጥብቀው ጠልፈው የሚሠሩት፣ በእንጨት ጭስ የሚታጠነው ጎርፋ የተባለው የወተት ዕቃ አለ። ይህን የሚያውቁት እናቶች እዚያው ቆላ ናቸው፤ ሊማር የሚችለው ደግሞ ምናልባት በሚኒሶታ የሚያድግ የኦሮሞ ልጅ ነው። ኮርስ ሆኖ ይሸጣል? በዚህ ጸሐፊ ግምት ብቻውን አይሸጥም፤ ጥሬ ዕቃው ሚኒሶታ ውስጥ የለም፣ ሥራውም ረጅም ትዕግሥት ይጠይቃል። ጎርፋው ራሱ፣ የሠራችው ሴት ድምፅና እጅ ከሚታይበት የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ጋር ቢሸጥ ግን ዕቃው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የተሰነጠቀውን እንዴት እንደሚጠግኑ፣ እንዴት እንደሚያጥኑ የሚጠይቁ ገዢዎች ቢመጡ ደግሞ እናትየው በወር አንድ ቀን በስልክ መልስ ትሰጣለች፤ ለዚያም ሰዓት ይከፈላታል። የነገሌ ባለገንዘብ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ ስልክ፣ ከእናቶቹ ጋር የሚደረግ የጽሑፍ ውልና በዶላር የሚገባውን ገንዘብ የሚቀበል የባንክ ሂሳብ ነው።